ከቀርከሃ እስከ ስጋጃ፤ የቤታችን ምንጣፍ ታሪክና አያያዝ

 

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት አይደለም። ስለተቀመጣችሁበት ነገር ነው። እስቲ ወደ ታች ተመልከቱ። ከእግራችሁ ሥር የተነጠፈው ምንድን ነው? ቀርከሃ ነው? ሰሌን ነው? ቁርበት ነው? ወይስ ከአሶሳ ገበያ የተገዛ ስጋጃ?

«ምንጣፍ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! ሰው ከየት እንደ መጣ፣ ምን ይዞ እንደ መጣ፣ ከማን ጋር እንደ ተገበያየ ምንጣፉ ይናገራል። ሌላም ነገር አለ። ምንጣፍ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ሲሄድ፣ የሚጠረግበትና የሚታጠብበት ልማድም አብሮት ይሄዳል። ያ ልማድ ግን ለአዲሱ አገር አየር ላይስማማ ይችላል። በአሶሳና በአካባቢዋ ስንት ደህና ምንጣፍ የተበላሸው ባለቤቱ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። እንዲያውም በጣም ታታሪ የሆነው ሰው ነው ቶሎ የሚያበላሸው። በሌላ አገር ልማድ ስለሚያጥበው ነው። እንዴት? እንደሚከተለው ነው።

ከአገሩ ዕቃ እንጀምር። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቆላ ቀርከሃ አገር ነው። ሽመል የሚሉትም አሉ። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው። የቆላው ግን ድፍን ወይም ወደ ድፍን የቀረበ ነው፤ ስለዚህ ጠንካራ ነው። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው በዚህ ቀርከሃ ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፣ ጎተራ ያቆማል። ለጋ ቡቃያውን ቀቅሎ ይበላል። ሰንጥቆና ቀጥቅጦ ሲጠልፈው ደግሞ አልጋና ምንጣፍ ይሆንለታል።

የቀርከሃ ምንጣፍ አያያዝ የሚጀምረው ገና ከመሠራቱ በፊት፣ ከጫካው ነው። ዐዋቂ ሰው ለጋውን አይቆርጥም። ሦስት ዓመት የሞላውን ይመርጣል፤ የሚቆርጠውም በበጋ ነው። ምክንያቱም ለጋው ቀርከሃና በዝናብ ወራት የተቆረጠው ውስጡ ጣፋጭ ምግብ የተሞላ ስለሆነ ነቀዝ ይወድደዋል። በሚገባ የበሰለውን፣ በበጋ የተቆረጠውን ግን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። ምንጣፉ ከተሠራ በኋላም ክረምት ሲገባ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ ከሚያገኘው ቆጥ ላይ ይሰቀላል። ጥቀርሻው ያጠቁረዋል፤ መልኩን ያበላሸዋል እንላለን። ነገር ግን ጭሱ እርጥበቱን ያወጣል፣ ነቀዙንም ያባርራል። ይህ ዕውቀት ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። እናቶች ለልጆቻቸው በእጃቸው ያሳዩት ነው።

የምዕራቡ አገራችን ትልቁ የምንጣፍ ጠላት ግን ምስጥ ነው። ከወለጋ እስከ አሶሳ መንገድ የሄደ ሰው ኩይሳውን አይቷል። ምስጥ የሚበላው ከዕፅዋት የተሠራውን ነገር ነው። ቀርከሃ፣ ሰሌን፣ የጥጥ ጨርቅ፣ ጆንያ፣ ወረቀት ሳይቀር ይበላል። ሥራውን የሚሠራው በሥር በኩል፣ በጨለማ፣ ማንም ሳይነካው ነው። ላዩ ደህና መስሎ ይቆያል። አንድ ቀን ስታነሡት ሥሩ ዐፈር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በአፈር ወለል ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ በየሁለት በየሦስት ቀኑ መነሣት አለበት። ሥሩ ይጠረግ። ወለሉ ይለቅለቅ። ምንጣፉም ገልበጥ ተደርጎ ይነጠፍ። ዕረፍት ያጣ ምስጥ ሌላ ቤት ይፈልጋል።

በዚሁ በምስጡ ምክንያት የአያቶቻችን ምንጣፍ ዛሬ በሙዚየም አይገኝም። እስቲ ከሩቅ አገር ጋር እናስተያየው። በሳይቤሪያ፣ አልታይ በሚባለው ተራራማ አገር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ሰርጌይ ሩደንኮ የሚባል የመስኮብ ሊቅ አንድ የጥንት መቃብር ሲቆፍር የሱፍ ምንጣፍ አገኘ። ምንጣፉ 2,400 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። ፈረሰኞችና አጋዘኖች ተሠርተውበታል፤ ቀለሙ እንኳ አልጠፋም። እንዴት ሊቆይ ቻለ? ሌቦች ነበሩ ምክንያቱ! መቃብሩን ለመዝረፍ ቀዳዳ አበጁ። በዚያ ቀዳዳ ውኃ ገባ። ውኃው በረዶ ሆነና ምንጣፉን እንደ ታቦት ጠበቀው። ብልም፣ ሻጋታም፣ ምስጥም በበረዶ ውስጥ ሊደርሱበት አልቻሉም። ምንጣፉ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የኤርሚታዥ ሙዚየም ይታያል። የአሶሳ መሬት እንዲህ ዓይነት በረዶ የለውም። ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ሞቃትና ዝናባም አገር ነው። ከሚያዝያ ማብቂያ አንሥቶ እስከ ጥቅምት ይዘንባል። እዚህ አገር ያልተያዘ ነገር አይቆይም።

ስለ ወለል ካነሣን ዘንድ ሙጀሌን ሳናነሣ አናልፍም። ሙጀሌ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለችም። የመጣችው ከደቡብ አሜሪካ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ከብራዚል የመጣች አንዲት መርከብ አንጎላ፣ አምብሪዝ ከሚባል ወደብ ደረሰች። መርከቧ እንዳትገለበጥ በአሸዋ ተሞልታ ነበር። በአሸዋው ውስጥ ሙጀሌ ነበረች። ከዚያ በነጋዴና በወታደር እግር፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠች። እኛም ዘንድ ደርሳ ስንቱን ሕፃን አስነከሰች፣ ስንቱን ከትምህርት ቤት አስቀረች! የሙጀሌ ዕጭ የሚያድገው በደረቅ አቧራ ውስጥ ነው። ያልተነሣ ምንጣፍ ሥር ያለው አቧራ ደግሞ ለእርሷ ምቹ ቤት ነው። ስለዚህ እናቶቻችን ጠዋት ጠዋት ወለሉን ውኃ አርከፍክፈው የሚጠርጉት፣ በእበትም የሚለቀልቁት ለውበት ብቻ አይምሰላችሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን መንገድ እንሂድ። ከብዙ ዘመን ጀምሮ ቤላ ሻንጉል በወርቅ የታወቀ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1821 የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ወርሮ ወደዚህ የተጠጋው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነው። ጀላባ የሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎች ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጡ ነበር። ወርቅ ይዘው ይመለሱ ነበር። በዚያው መንገድ ሰውም ተሸጦ ይነዳ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። እስልምናም በዚያ በኩል ገባ፣ ሰፋ። ከእስልምና ጋር መስገጃው አብሮ መጣ።

ከዘንባባ ቅጠል የሚሠራውን ሰሌን ሱዳኖች ቡርሽ ይሉታል። ቀላል ነው፣ ይጠቀለላል፣ በአህያ ይጫናል። ኋላም የሱፍና የጥጥ ስጋጃ በዚያው በኩል ይገባ ጀመር። የሚሰገድበት ቦታ ንጹሕ መሆን ስላለበት መስገጃ ላይ በጫማ አይወጣም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ነው ምንጣፉን የሚረግጠው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ይህን ያደረጉት ለእግዚአብሔር ክብር ነው። ምንጣፉም በዚያው ተጠቀመ። ምንጣፍን እንደ አሸዋ የሚጎዳው ነገር የለምና። የአሸዋ ቅንጣት ጠርዙ ስለት ነው። ወደ ክሩ ሥር ይገባል። ሰው በላዩ ሲረግጥ እንደ ቢላዋ ክሩን ከሥሩ ይቆርጠዋል። «ምንጣፌ ሳላጥበው ሳላጥበው አረጀ» የሚል ሰው ይሳሳታል። ያረጀው ሳያራግፈው ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉ። ካርቱም በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አሶሳ የሚዘንበው ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ካርቱም ላይ ሰሌን ደርቆ እንዳይሰበር ውኃ ይረጩበታል። ስጋጃም ጠዋት ቢያጥቡት ማታ ደርቆ ይገባል። ይኸው ልማድ ከሰሌኑ ጋር ኩርሙክን አልፎ ወደ እኛ መጣ። በበጋ ደህና ነው። ሐምሌ ላይ ግን ውኃ የተረጨበት ሰሌን በሦስት ቀን ሻጋታ ያወጣል። የመጀመሪያው የልማድ ስሕተት ይህ ነው።

በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ወደ ቤኒሻንጉል ዘመተ። አገሩም በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። በ1894 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ በውል ወሰኑን አበጁ። የአሶሳው ገዥ ሼህ ኾጀሌ አልሐሰን አዲስ አበባ ላይ ቤት ሠሩ። ዛሬ ሸጎሌ የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የአሶሳ ገበያ ሁለት በር አገኘ ማለት ይቻላል። አንደኛው በር በኩርሙክ ወደ ሱዳን፣ ሁለተኛው በወለጋ በኩል ወደ መሐል አገር።

በሁለተኛው በር የገባው የደጋ ሱፍ ነው። መንዝን ታውቁ ይሆናል። ብርዳም አገር ነው። የመንዝ ሴት የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ባናው፣ ዝተቱ ከዚያ ይወጣል። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍ ፋብሪካ ተከፍቶ ብርድ ልብስ ያወጣ ጀመር። ወሎም እንዲሁ ሱፉን፣ አጎዛውንና ቁርበቱን ያውቃል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን፣ መንግሥት 600 ሺህ ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። አንዳንዱ ወድዶ፣ ብዙው ተገዶ ነው የመጣው። ቤተሰቡ የተለያየበት አለ። በመንገድና በሠፈራው የሞተም ብዙ ነው። ወደ አሶሳ ከመጡት የሚበዙት ወሎዬዎች ነበሩ። አሶሳ ዙሪያ በቁጥር የሚጠሩት መንደሮች የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። በአውቶቡስና በጭነት መኪና የመጣ ሰው ብዙ ዕቃ አይዝም። የያዘው ምናልባት አንድ ጋቢ፣ አንድ ቁርበት ነው። በእጁ ያለው ዕውቀት ግን አልቀረም። ያ ዕውቀት የደጋ ዕውቀት ነበር።

ሱፍ ደጋ ላይ ችግሩ ትንሽ ነው። በብርድ ብል ቶሎ አይራባም። አሶሳ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ሱፍ ከክብደቱ ሢሶ ያህል እርጥበት ከአየሩ ጠጥቶ በእጅ ሲነኩት ደረቅ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ውኃ ሳይነካውም ክረምቱን ሙሉ ርጥብ ሆኖ ይከርማል። ሙቀት ሲጨመርበት ሻጋታውም ብሉም ይነሣል። ምስጥ ሱፍን እምብዛም አይፈልግም፤ ብል ግን ሱፍን፣ ጠጉርንና ላባን ነው የሚበላው፤ ጥጥና ፕላስቲክ ምግቡ አይደለም። ብል ብርሃን ይጠላል፣ መነካትንም ይጠላል። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ሱፉን አውጥቶ ማራገፍ፣ ጀርባውንም መምታት፣ በብሩሽ መጥረግ መድኃኒቱ ነው።

ደጋ ላይ የሱፍ ሳሙናው እንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውኃ ውስጥ ይኮረፋል። ሱፍን ሳይጎዳ እድፉን ያወጣል። ሊቁ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች፣ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። በዚህ ሥራ እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 በስዊድን ሽልማት አገኙ። አያችሁ? ሊቁ ያዩት ልብስ አጣቢዎቹን ሴቶች ነው። ታዲያ እንዶድ ዓሣም ይገድላልና እጣቢውን ወደ ወንዝ አትድፉ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አሶሳ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ከአባቴ ቤት አንድ የሱፍ ምንጣፍ ይዤ መጣሁ። ነጭና ጥቁር፣ ቀለም ያልገባበት፣ የበጉ የራሱ መልክ። ሐምሌ ላይ ልጄ ወተት ደፋበት። እኔም የተማርኩ ነኝ ብዬ ውኃ አፈላሁ። በትልቅ ሳፋ ነከርኩት። አልበቃ አለኝና ግማሽ ጠርሙስ በረኪና ጨመርኩበት። ነጩ ይነጣል ብዬ ነበር፤ ቢጫ ሆነ። ክሩ በእጄ ላይ ሙልጭልጭ አለ። ከታዛ ሥር ሰቀልኩት። ዝናቡ ዘጠኝ ቀን አላባራም። ምንጣፉ እንዳይሰረቅ ማታ ማታ እቤት አስገባው ነበር። ቤቱ እንደ ርጥብ ውሻ ሸተተ። በሳምንቱ ሕፃኑ ማሳል ጀመረ። ሻጋታ ዘሩን በአየር ነው የሚበትነው፤ በትምህርት ቤት የማስተምረው ይኸንኑ ነበር እኮ!

ጎረቤቴ አንዲት የበርታ እናት ናቸው። ገብተው አዩት። ሳቁ። ከዚያ «መምህር፣ ክረምት ላይ ምንጣፍ ይነሣል እንጂ አይታጠብም» አሉኝ። የእርሳቸው ምንጣፎች ተጠቅልለው ከምድጃው በላይ ነበሩ። እኔ ለስንት ዓመት የተማርኩትን እርሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

ታዲያ ወተት ሐምሌ ላይ ቢደፋስ? ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተጫኑት፣ አትሹት። መሸት እድፉን ወደ ክሩ ሥር ይልከዋል። ቀጥሎ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ሳሙና አርሳችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ እድፉን ብቻ ከዳር ወደ መሐል ጥረጉ። ሳሙናውን በሌላ እርጥብ ጨርቅ አውጡ። እንደገና በደረቅ ጨርቅ ተጫኑት። ከዚያ ምንጣፉን ነፋስ እንዲያገኘው በወንበር ላይ አንሡት። ሙሉ እጥበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሥራ ነው፤ ዝናቡ አብቅቶ ፀሐዩ ሲጠና።

በሌላ አገር ሰው ውኃ ሳይነካ ምንጣፍ ለማጽዳት ብዙ ደክሟል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ገደማ በአሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ጄምስ ስፓንግለር የሚባል የጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ነበረበት፤ የምንጣፍ አቧራ ሲጠርግ ትንፋሽ ያጥረዋል። የአየር ማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ አቧራ የሚስብ መኪና ሠራ። በ1908 የፈጠራ መብቱን ሁቨር ለሚባሉ ሰዎች ሸጠ። ዛሬ በዓለም የታወቀው ስም የእነርሱ ነው። አቧራ እየዋጠ የሠራው ሰው ግን ብዙም አይነሣም።

ዛሬ ገበያው የሞላው በፋብሪካ ምንጣፍና በፕላስቲክ ሰሌን ነው። የፕላስቲኩን ምስጥም ብልም አይበሉትም፤ ውኃም አያበሰብሰውም። ነገር ግን እሳት ይፈራል፤ ፀሐይ ላይ ከከረመ ይሰባበራል። የፋብሪካው ስጋጃ ደግሞ ጀርባው በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ በዱላ አይመታም፣ ሙጫው ይሰነጠቃል። ታዲያ የገዛችሁት ምን እንደ ሆነ እንዴት ታውቃላችሁ? ከዳሩ አንዲት ክር ምዘዙና ከቤት ውጪ በክብሪት ለኩሷት። ሱፍ ከሆነ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል። ፕላስቲክ ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸኛው ለእናንተ ለአዲስ አንባብያን ነው። ብዙ ጊዜ ከስጋጃው ጀርባ ትንሽ ጨርቅ ተሰፍታ ታገኛላችሁ። በላይዋ ሥዕሎች አሉ። እነርሱም እንደ ፊደል ይነበባሉ። የውኃ ሳፋ ሥዕል በመስቀለኛ መስመር ከተሰረዘ «ውኃ ውስጥ አትንከሩኝ» ማለት ነው። ሦስት ማዕዘን በመስቀለኛ ከተሰረዘ «በረኪና አታስነኩኝ» ማለት ነው። ሥዕሎቹ በየትም አገር ትርጉማቸው አንድ ነው። የእኔ ምንጣፍ በእጅ የተሠራ ስለ ነበር እንዲህ ያለ ምልክት አልነበረውም። ለተሠራበት አገር ሰው አያስፈልገውም ነበር።

በረኪና ሱፍን ምን እንደሚያደርገው በቃል አላስረዳችሁም። ራሳችሁ እዩት። ማታ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ፣ በአሮጌ ብርጭቆ ጥቂት በረኪና አድርጉ። አንዲት የሱፍ ክርና አንዲት የጥጥ ክር ጨምሩበት። ብርጭቆውን ክዳን ጣል አድርጉበትና ተኙ። ጠዋት ክፈቱት። የጥጡ ክር ነጥቶ ተኝቷል። የሱፉ ክር የለም።